ፌስታሉን ፍቱልኝ

መጀመሪያ አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ ከድጃ፣ ጅን ታየ፣ ዛር ወረደ፣ ቡዳ በላው ሲባል ከሚደነግጡት ወገን አይደለሁም፣ እንዲያውም አክስቴ ጥቁር ዶሮ ፍለጋ ገበያ ለገበያ ስትዞር አብሬያት እየዞርኩ የምስቅባት እኔ ነበርኩ፣ «አንድ ቀን ያሳይሽ!» ትለኝ ነበር፣ እኔም «ካሳየኝማ ቅንድቡን አሳምሬ እልከዋለሁ» እላታለሁ፣ ሥራዬ የውበት ሳሎን ነዋ፣ ቆቦ መናኸሪያው አካባቢ ሙሽራ የምታስውብ ከድጃ ካላችሁ የማያሳያችሁ የለም። ደግሞ ሰው ጅን አየሁ ሲል በጨለማ ነው፣ ብቻውን ነው፣ ወይ ጫት ቅሞ ነው፣ የእኔ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ነጭ ጋዋን በለበሱ ተማሪዎች መሀል ነው የሆነው፣ ወላሂ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም፣ ብጨምርማ ትንሽ የሚያምር ነገር እጨምርበት ነበር፣ ይሄ ወሬ እኮ ከዳር እስከ ዳር ይሸታል።

ነገሩ የጀመረው በመምህር ሀብታሙ ሰርግ ነው። መምህር ሀብታሙ እዚህ ከተማችን ባለ አንድ የጤና ኮሌጅ ያስተምራል፣ የኮሌጁን ስም ተውት፣ እጮኛውን ለሜካፕ ይዞልኝ መጣ፣ ልጅቷ አንገቷ ላይ በልጅነቷ ሙቅ ውሃ የተደፋባት ጠባሳ ነበረባት፣ አጥፍቼ ሳሳያት አለቀሰች፣ እሱ ግን ጠባሳው የነበረበትን ቦታ አተኩሮ ሲያይ ቆየና «ከድጃ፣ ማጥፋቱን አየሁ፣ መሥራትስ ትችያለሽ?» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ያስረዳኝ ከሰርጉ በኋላ ነው። ተማሪዎቹ ፈተና ሲፈተኑ በሽተኛ መስሎ የሚተኛ ጤነኛ ሰው ይመጣላቸዋል፣ አስመሳይ ታካሚ ይሉታል፣ የበሽታውን ታሪክ አጥንቶ ይመጣና ተማሪው እንደ እውነተኛ በሽተኛ ይጠይቀዋል፣ ይዳስሰዋል። «ስህተታቸውን እውነተኛ ሰው ላይ ከሚሠሩት እዚያው ይሥሩት» አለኝ መምህር ሀብታሙ፣ የቸገረው ቁስል ነው፣ ጤነኛ ሰው ቁስል ከየት ያመጣል?

እኔ ደግሞ እመኑኝ፣ በዓለም ላይ እንደ ቁስል የምጸየፈው ነገር የለም፣ የሰው ልጅ ንፍጥ ሳይ ምሳዬን የምተው ሴት ነኝ፣ ግን ይሄ ዱቄትና ቫዝሊን ነው፣ ትንሽ ኮላ፣ የቀይ ስር ውሃ፣ ለጥቁረቱ ኩል፣ ሊጥ ነው በቃ፣ ሊጥ ማን ይጸየፋል ብዬ እሺ አልኩ።

የበሽተኛውን ታሪክ መምህር ሀብታሙ እዚያው ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሻይ እየጠጣ ነው የፈጠረው፣ እኔ እየሰማሁ ማለት ነው። «እዚህ ከቅርባችን፣ ከሮቢት የመጣ ገበሬ ነው፣ ስሙ በላይ ይባል፣ ማሽላ ማሳ ውስጥ እግሩን እሾህ ወጋው፣ ስኳር አለበት ግን አያውቅም፣ እግሩ አመርቅዞ ሳይታከም ሰነበተ» አለ፣ ይሄው ነው፣ ከዚህ ሌላ ምንም አላለም። የሚተውኑት አያ ይመር ናቸው ተባለ። አያ ይመር ጎረቤቴ ናቸው፣ ጫማ ይሸጣሉ፣ በጎረምሳነታቸው የቀበሌ ኪነት ውስጥ ንጉሥም ሌባም ሆነው የተጫወቱ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ ሰው የሚያስቁ ሰው ናቸው። ከፈተናው በፊት በነበረው የገበያ ዕለት ከሰዓት ሳሎኔን ዘግቼ ግራ እግራቸው ላይ ሞከርኩት፣ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ አንድ መዳፍ የሚያህል፣ ዳሩ ጥቁር፣ መሀሉ ቀይና ቢጫ፣ ጨርሼ ሳየው ራሴን ሰቀጠጠኝ፣ እሳቸው ግን በመስታወት አዩትና «ኧረ ከድጃ፣ እግሬን እዚሁ ጥዬው ልሂድ እንዴ!» አሉ፣ ሳቅን፣ አጥቤ ሸኘኋቸው።

የፈተናው ቀን፣ የቆቦን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ክፍሉ በመጋረጃ ተከፋፍሎ በአንደኛው ክንዷ የተቃጠለች ልጅ፣ በሌላው ጭንቅላቱ የተፈነከተ የባጃጅ ሹፌር፣ በዳር በኩል አያ ይመር ተኝተዋል፣ የሁሉንም ቁስል የሠራሁት ከአንድ ሳህን ነው፣ ይቺን ያዙልኝ፣ ከአንድ ሳህን። እኔ አያ ይመር አጠገብ ጥግ ላይ በርጩማ ይዤ ተቀምጫለሁ፣ ተማሪ ነካክቶ ያበላሸውን ላስተካክል ነው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ገቡ ወጡ፣ አያ ይመርም «ስሜ በላይ ነው፣ ከሮቢት ነኝ» እያሉ ጥርሳቸውን እየነከሱ ሲያቃስቱ ከሳቅ ጋር ነበር የምታገለው።

ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጠብ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠብ። ቧንቧ ነው አልኩ፣ ግን በዚያ ቀን ቧንቧው ውሃ አልነበረውም፣ ከአልጋው ሥር ሳይ ሲሚንቶው ደረቅ ነው። ወዲያው አንዲት ዝንብ መጣች፣ ይቺ የቤት ዝንብ አይደለችም፣ አረንጓዴዋ፣ ትልቋ፣ ጥንብ ላይ የምታርፈው፣ አያ ይመር እግር ላይ ዱብ አለች። በእጄ አባረርኳት፣ ተመለሰች፣ ጓደኞቿን ይዛ መጣች፣ ሦስት አራት ሆኑ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ወደ ልጅቷና ወደ ባጃጅ ሹፌሩ አየሁ፣ አንድም ዝንብ የለባቸውም።

ትዕግሥት የምትባል ተማሪ ገባች፣ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ልጅ ናት፣ መምህር ሀብታሙ ከኋላዋ ቆሞ ይመለከታታል።

«ጤና ይስጥልኝ አባቴ፣ ስምዎን ይንገሩኝ» አለች።

«እንድሪስ» አሉ አያ ይመር።

መምህር ሀብታሙ ቀና አለ። እኔም ቀና አልኩ፣ ስሙን ረሱት ብዬ እኮ ነው፣ ግን ድምፁ፣ እናንተዬ፣ ድምፁ! የአያ ይመር ድምፅ እንደ ከበሮ ነው፣ ይሄ ግን ከንፈሩ የተሰነጠቀ፣ ውሃ የጠማው ሰው ድምፅ ነው፣ እየተጎተተ የሚወጣ።

«ከየት መጡ?»

«ሮቢት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ቀበቶው ከተበጠሰው ወፍጮ።»

«ምን ሆነው ነው?»

«ሸተትኩ» አሉ። «ሚስቴ ዘምዘም ከቤት አወጣችኝ፣ አልፈርድባትም፣ ከፍየሎቹ ጋር አስተኛችኝ፣ ፍየሎቹም ጥግ ይዘው ቆሙ።» ከዚያ ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ጀመሩ። «ፌስታሉን ፍቱልኝ፣ በአላህ፣ አፈነኝ፣ ፌስታሉን ፍቱልኝ።»

ትዕግሥት እግራቸውን አየች፣ መምህሩን አየች። «ፌስታል እኮ የለም አባቴ» አለች ቀስ ብላ።

ያኔ ነው ሽታው የመጣው። እንዴት ልንገራችሁ፣ ክረምት ላይ መንገድ ዳር የሞተ አህያ ሸትቷችሁ ያውቃል? በእሱ ላይ የተበላሸ ቅቤ ድፉበት፣ ትንሽ ደግሞ የሚጣፍጥ ነገር፣ አዎ የሚጣፍጥ፣ እሱ ነው የባሰው፣ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ማር ተለጠፈ። ከመጋረጃው ማዶ የባጃጅ ሹፌሩ «ምንድን ነው የሞተው?» ሲል ሰማሁት። ትዕግሥት ግን ፈተና ላይ ናት፣ ምስኪን፣ እንደተማረችው በጓንቷ የቁስሉን ዳር ጫን አደረገችው፣ እናም ወጣ። ግራጫ፣ አረንጓዴ፣ ክር የሚስብ፣ በጣቶቿ መሀል ወረደ። ወላሂ እኔ እዚያ ውስጥ ፈሳሽ አላስገባሁም፣ ሊጡ ጠዋት ደርቆ እንደ ጫማ ሶል ሆኖ ነበር።

«ትኩስ ነው» አለች ትዕግሥት። «መምህር፣ ትኩስ ነው።»

«በቃ! ከድጃ፣ አጥቢው!» ብሎ ጮኸ መምህር ሀብታሙ።

ቧንቧው ደረቅ ስለሆነ ለተማሪዎች መጠጫ ከማቀዝቀዣ የወጣውን ውሃ አነሳሁ፣ ሳፋ ከሥር አስቀመጥኩ፣ ፊቴን አዙሬ በስፖንጅ ሳሸው ሊጡ እንደ ቆዳ እየተላጠ መጣ፣ ከጣቴ ሥር ሩዝ የመሰለ ነገር ተሰማኝ፣ ሩዙ ተጣጠፈ፣ ሱብሃነላህ፣ ተጣጠፈና ተዘረጋ። ጮኼ ስፖንጁን ጣልኩት። እግሩን ሳይ ንጹሕ ነው፣ ጭረት የለበትም፣ ፀጉሩ እንኳ እንደነበረ አለ። አያ ይመር ዓይናቸውን ገለጡ፣ ሁላችንንም ተራ በተራ አዩንና በራሳቸው ወፍራም ድምፅ «ጀመርን እንዴ?» አሉ።

ሳፋው ውስጥ ያለው ሊጥና ቀይ ውሃ ብቻ ነበር፣ ዝንቦቹም የሉም። ወጥቼ ግቢው ውስጥ አስመለስኩ። መምህር ሀብታሙ ተከትሎኝ መጥቶ «ሙቀት ነው፣ ዱቄቱ ቦክቶ ነው፣ ያለ ነገር ነው» አለኝ፣ ላምነው ፈለግሁ፣ በጣም ፈለግሁ፣ ግን ከዚያው ሳህን የተሠራው የልጅቷ ክንድ ቫዝሊን ቫዝሊን ነበር የሚለው። እጄን በኦሞ አጠብኩ፣ በሎሚ አሸሁ፣ በአመድ ፈተግሁ፣ ሽታው ከጥፍሬ ሥር አልወጣም፣ ራት ቀርቦልኝ ጉርሻውን ወደ አፌ ሳስጠጋ መልሼ ጣልኩት።

በማግስቱ ገና ሳሎን ስከፍት ትዕግሥት በር ላይ ቆማለች፣ ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ ከድጃ፣ እኔ የሮቢት ልጅ ነኝ» አለችኝ። «ማታ እናቴ ጋ ደውዬ ነበር። የወፍጮው ቀበቶ እውነትም ተበጥሷል፣ ገና በዚህ ሰሞን ነው፣ እኔም አላውቅም ነበር።»

«ሌላስ ምን ጠየቅሻት?»

«ሌላውን ለመጠየቅ ፈራሁ።»

አያ ይመርን አብረውን ሮቢት እንዲሄዱ ለመንኳቸው፣ ጫማቸውን እየደረደሩ ቀና ሳይሉ «አልሄድም» አሉኝ፣ «ሄጄ ራሴን እዚያ ተኝቼ ባገኘውስ?» አሉ፣ ሊያስቁኝ መስሎኝ ነበር፣ አልሳቁም። እኔ ለምን ሄድኩ? ደግነት አይደለም፣ አልዋሻችሁም፣ እጄ ስለሸተተ ነው፣ ሄጄ እዚያ ምንም እንደሌለ አይቼ፣ ሰው የሚበላውን በልቼ መኖር ስለፈለግሁ ነው።

በሚኒባስ ሮቢት ወረድን። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሴቶች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ባለቤቱን ይሳደባሉ። ከጀርባው በቁልቋል የታጠረ ግቢ አለ፣ በሩን ስናንኳኳ አንዲት ሴት ወጣች፣ በሩን በሰውነቷ ሞልታ ቆመች።

«የታመመ ሰው አለ ብለን ነው እህቴ» አልኳት።

«የለም።»

የለም ስትል ነፋሱ ከጀርባዋ መጣ፣ መጣ ያ ሽታ፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ አህያው፣ ትዕግሥት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ዘምዘም ነሽ?» አልኳት።

ሴትዮዋ ደነገጠች። «ማን ነው የነገራችሁ?»

ምን ልበላት? «ራሱ እንድሪስ ነው የነገረን» አልኩ።

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፣ ቁጣ ሳይሆን ፍርሃት ነው። «እንድሪስ መናገር ካቆመ ሰነበተ እኮ» አለችና ከበሩ ዞር ብላ አስገባችን።

ከፍየሎቹ ጋር ነበር። ፍየሎቹ በአንድ ጥግ ተጨናንቀው ቆመዋል፣ እሱ በሌላው ጥግ የጠፍር አልጋ ላይ ተጋድሟል፣ ጎልማሳ ነው፣ ግን ጉንጩ ሟሙቶ ሽማግሌ መስሏል፣ ግራ እግሩ ላይ ጥቁር ፌስታል፣ ሽታውን እንዲያፍን ይመስላል፣ በሲባጎ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል፣ ፌስታሉ ከውስጥ ላብ አውጥቶ ተነፍቷል፣ ከሥሩ ወደ መሬት ጠብ ይላል። ጠብ። ድምፁን አወቅሁት።

ማን እንደሚፈታው ተያየን። ትዕግሥት ጓንት ይዛ መጥታ ነበር፣ አጠለቀች፣ እጇ ግን እምቢ አላት፣ ስለዚህ እኔ በባዶ እጄ ሲባጎውን በጠስኩት፣ ከዚህ በላይ መሽተት አይችልም ብዬ ነው። ፌስታሉን ስገልጠው ያየሁትን ሁሉ አልነግራችሁም፣ ምግብ እየበላችሁ የምታነቡም ትኖራላችሁ፣ አንድ ነገር ብቻ፣ ዳሩ ጥቁር፣ መሀሉ ቀይና ቢጫ፣ አንድ መዳፍ የሚያህል ሆኖ ጀምሮ ወደ ጉልበቱ ወጥቷል፣ ቅርጹን የእኔ እጅ ያውቀዋል፣ መሀሉም ይንቀሳቀሳል፣ እንደሚፈላ ሩዝ። ከፍየሎቹ መሀል ገብቼ አስመለስኩ፣ ስመለስ ሰውየው ዓይኑን ገልጧል። ፊቴን አላየም፣ እጆቼን ነበር የሚያየው።

«ትናንት ስታጥቢኝ» አለ፣ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፅ፣ «ውሃው በረዶ ነበር።»

ትዕግሥት አለቀሰች። ዘምዘም «አወራ! አወራ!» ብላ ጮኸች።

ከዚያ በኋላ ያለው እሱን መጫን ነው፣ እሱም ሌላ ጉድ ነው፣ ባጃጆቹ ይመጡና ከሩቅ ሲሸታቸው ያዞራሉ፣ አንዱማ ምራቁን ከእግሩ ሥር እንትፍ ብሎ «የሞተ ሰው አልጭንም» አለ፣ የቁስሉ ሽታ እንደዚያ ልጅ አላስጠላኝም፣ እውነት እላችኋለሁ። በመጨረሻ ሽርጥ ያሸረጡ ሽማግሌ ሹፌር አፍንጫቸውን በሻሽ አስረው «ለአላህ ብዬ ነው፣ አስገቡት» አሉን። ሆስፒታል ስንደርስ ስኳሩ ጣሪያ ነክቷል ተባለ፣ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት፣ ነፍሱ ግን ተረፈች፣ ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አይተርፍም ነበር» አለን።

መምህር ሀብታሙ ሊጠይቀው መጣ። ከአልጋው ግርጌ ቆሞ አየውና ዘምዘምን ወደ በረንዳው ጠርቶ «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» አላት።

«እሾሁ የወጋውማ ቆይቷል፣ ግን ቅርፊት ይዞ እየደረቀ ነበር» አለች። «ባለፈው የቆቦ ገበያ ዕለት ከሰዓት ነው፣ ቁጭ ብሎ እያወራን ድንገት ተከፈተ፣ ሰው የከፈተው ይመስል።»

ባለፈው የገበያ ዕለት ከሰዓት እኔ ሳሎኔን ዘግቼ ከአያ ይመር ጋር እየሳቅሁ ነበር። መምህር ሀብታሙ እኔን አላየኝም፣ እኔም አላየሁትም። እስከ ግቢው በር ድረስ ሄድንና «ስኳር እንዲህ ያደርጋል፣ የደረቀ የመሰለ ቁስል ከውስጥ ይበሰብሳል፣ በትምህርትም ያለ ነው» አለኝ፣ ለእኔ ይንገረኝ ለራሱ አላውቅም። ለአያ ይመር ስነግራቸው «እኛ ባንጀምር ኖሮ ይሄ ሰው ሞቶ ነበር» አሉ፣ ደግሞም «ወይም ባንጀምር ኖሮ አይታመምም ነበር» አሉ፣ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ስለዚህ ነገር አውርተው አያውቁም፣ ለቅሶ ቤትም ሰው አያስቁም።

የእጄ ሽታ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ልረሳው ነው ስል ባለፈው ሰሞን መምህር ሀብታሙ ሳሎኔ ብቅ አለ፣ ሌላ ፈተና ደርሷል፣ እያፈረ፣ ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቆ ነው የነገረኝ። «ይሄኛው ቁስል የለውም» አለኝ፣ «ነፍሰ ጡር ናት፣ ከዋጃ የመጣች፣ ራሷን እያመማት፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ እያለባት፣ ፊቷን ብቻ አሳብጭልኝ።»

«ከየት አመጣሃት?» አልኩት።

«ከጭንቅላቴ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ዓይኑን ወደ በሩ አደረገ። አልሠራም አልኩት፣ እሱም አልለመነኝም፣ እንዲያውም ደስ ያለው መሰለኝ፣ ሄደ። ግን ተናግሯታል እኮ፣ ገባችሁ? በቃሉ ተናግሯት ነው የወጣው፣ የሮቢቱም ሰው የጀመረው በቃል ነበር። እና አሁን ከዋጃ የመጣች ደንበኛ ወንበሬ ላይ በተቀመጠች ቁጥር ፀጉሯን እያበጠርኩ እጠይቃታለሁ፣ እናንተ ሰፈር ፊቷ ያበጠ እርጉዝ ታውቂያለሽ ወይ እላታለሁ፣ አንዳንዷ ትስቃለች፣ አንዳንዷ ትቆጣለች፣ አንዷ ደግሞ በመስታወቱ ውስጥ አየት አድርጋኝ «ለምን ጠየቅሽኝ?» አለችኝና መልሴን ሳትጠብቅ፣ ፀጉሯ በግማሽ እንደተሠራ፣ ነጠላዋን ደርባ ወጣች።